ነዋሪ ያልሆነው ነዋሪ

ባለፈው ሰሞን ሳንጃ ወርጄ ነበር። «ወርጄ» ያልኩት ለወጉ አይደለም። ከጎንደር ተነስቶ ወደ ታች አርማጭሆ የሚሄድ ሰው እውነትም ይወርዳል። ጋቢውን ደጋው ላይ ያጣጥፋል፣ ሹራቡን መንገድ ላይ ያወልቃል፣ ሳንጃ ሲገባ ደግሞ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል። ቆላ ነው፤ የሰሊጥና የማሽላ አገር። የወረድኩት አጎቴን ለመጠየቅ ነበር፤ የተመለስኩት ግን ባንክ ቤት የሚሞላ ባለ አራት ገጽ ቅጽ በኪሴ ይዤ ነው። ይህ ጽሑፍ የዚያ ቅጽ ሒስ ነው። ልብ ወለድና ግጥም ሲተች የኖረ መምህር ቅጽ ወደ መተቸት መውረዱን የሚታዘብ ወዳጅ አይጠፋም። ይታዘበኝ። በሰው ኑሮ ላይ ከልብ ወለዱ ይልቅ የሚወስነው ቅጹ ነው።

መጀመሪያ አጎቴን ላስተዋውቃችሁ። በ1970 ዓ.ም.፣ ጎንደር ውስጥ ወላጅ ልጁን ደብቆ በሚያሳድርበት ዘመን፣ አጎቴ በሌሊት ተነስተው በእግራቸው ሱዳን ገቡ። በእጃቸው አንድ ነጠላ እንጂ ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም። ገዳሪፍ አካባቢ ዓመታት ቆይተው፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣችው የስደተኞች ሕግ ከተወሰዱት ወገኖች አንዱ ሆኑ። እዚያም 31 ዓመት ሙሉ በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠሩ። «የፈረንጅ አንሶላ ሳጥብ ጎለመስኩ፣ ሳጥብ ሸበትኩ» ይላሉ። በመካከሉ እናታቸውን እየተመላለሱ ለማየት፣ እህታቸውን ደግሞ ለመውሰድ ያመቻል ብለው ዜግነት ቀየሩ። እናቲቱ ሳይደርሱባቸው ሞቱ። እህታቸው፣ አክስቴ ማለት ናቸው፣ «አገሬን ትቼ የት ልሄድ!» አሉ። ዜግነቱ ግን እንደተቀየረ ቀረ።

ጡረታ ሲወጡ ጓዛቸውን ጠቅልለው ተመለሱ። ከአክስቴ ግቢ ጎን ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ሠሩ። በመጡ በሳምንቱ ዕድር ገቡ። ዕድሩ የጠየቃቸው ጥያቄ አንድ ነው፤ «የማን ልጅ ነዎት?» የሚል። መለሱ። አንድ ሽማግሌ «የዚህን ልጅ አባት ቀብር ላይ አፈር ካለበሱት አንዱ እኔ ነኝ» ብለው መሰከሩ። ስማቸው መዝገብ ላይ ሰፈረ፤ አለቀ። ባንኩ ግን ሰባት ወር ፈጀ።

የሳንጃ ሽማግሌ ባንክ ምን ያደርግለታል የሚል ይኖር ይሆናል። የአጎቴ ጡረታ በየወሩ የሚገባው አሜሪካ ባለ ባንክ ነው። ገንዘቡን ለማየት ጎንደር ወጥተው በኤቲኤም ካርድ ማውጣት ነበረባቸው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልሉ በገባበት ግጭት መንገድ ሲዘጋ ጡረታውም አብሮ ይዘጋል። መንገድ ሲከፈት ደግሞ ማሽኑ «ለጊዜው አገልግሎት አልሰጥም» ይላል። በዚህ ላይ የአሜሪካው ባንክ «በአሜሪካ የሚኖሩበትን አድራሻ ያረጋግጡልን» የሚል ደብዳቤ ላከ። የሚኖሩት ሳንጃ ነው። እዚያ ያለ የዘመድ ልጅ አድራሻ ሰጥተው ለጊዜው ተገላገሉ። «በወረቀት ቼክ ይላክላቸዋ!» እንዳይባል፣ የአሜሪካ መንግሥት ከመስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ የወረቀት ቼክ መላክ አቁሟል። ስለዚህ የባንክ ሒሳብ የሌለው ጡረተኛ ጡረታ የለውም ማለት ይቻላል።

እንግዲህ አጎቴ አንድ ማለዳ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው ወደ ባንክ ሄዱ። ስሙን የማልጠራው አንድ ቅርንጫፍ ነው። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ሥርዓት ያላት ናት።

«አባባ፣ መታወቂያ ይዘዋል?»

ሰማያዊውን ፓስፖርት ሰጧት። ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየችው።

«የውጭ አገር ዜጋ ነዎት?»

«ኧረ የሳንጃ ልጅ ነኝ፣ ልጄ።»

«እሱማ ያስታውቃሉ። ግን እኮ ሲስተሙ አያውቅዎትም።»

መጀመሪያ ቢጫ ካርድ አምጡ ተባሉ። ቢጫ ካርድ የሚባለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው። እሱን ለማግኘት ደግሞ ቀድሞ ኢትዮጵያዊ እንደነበሩ ማስረዳት አለባቸው። ነጠላ ለብሶ በሌሊት የወጣ ሰው በምን ያስረዳል? ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው አዲስ አበባ ደጅ ጠኑ፤ ተመላለሱ፤ በመጨረሻ ካርዱን ይዘው መጡ። «እንግዲያው የዲያስፖራ ሒሳብ እንክፈትልዎት፤ ውጭ አገር እንደሚኖሩና እንደሚሠሩ የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል» ተባሉ። «አልኖርም፤ አልሠራምም፤ ጡረተኛ ነኝ፤ እዚሁ ከገበያው ጀርባ ነው ቤቴ» አሉ። «እዚህ የሚኖሩ ከሆነ የቀበሌ መታወቂያ ያምጡ» ተባሉ። ቀበሌ ሄዱ። ቀበሌው «ለውጭ ዜጋ መታወቂያ አንሰጥም» አለ። ሲመለሱ «ዋናውን መሥሪያ ቤት ጠይቀን እናሳውቅዎታለን» ተባሉ። በሌላው ሳምንት ሲሄዱ ደግሞ ሲስተም የለም።

እዚህ ላይ ነው እኔ የገባሁበት። ቅጹን ጠየቅኳትና ሰጠችኝ። ማታ ቡና እየተፈላ እርሳስ ይዤ አነበብኩት። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የማነሳት አንዲት ጥያቄ ነበረችኝ፤ «ይህ ጽሑፍ ማንን እያሰበ ነው የተጻፈው?» የምትል። ማንኛውም ጽሑፍ በሐሳቡ የሚያናግረው ሰው አለ። ይህ ቅጽስ?

የመጀመሪያው ገጽ «ዜግነት» ብሎ ሁለት ሳጥን ያስቀምጣል፤ ኢትዮጵያዊ፣ የውጭ ዜጋ። ሦስተኛ ሳጥን የለም። አጎቴ ሕግ የሚያውቀው ሦስተኛ ወገን ናቸው፤ ቅጹ ግን አያውቃቸውም።

ቀጥሎ ስም። በፓስፖርቱ ላይ የአያታቸው ስም እንደ ቤተሰብ ስም ፊት ቀድሟል። ስለዚህ ባንክ ውስጥ ሲጠሩ የተጠሩት በአያታቸው ስም ነው። አጎቴ አልተነሱም። አያታቸው ከሞቱ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። ልጅቱ ሦስት ጊዜ ጠርታ ወደ ቀጣዩ ተረኛ አለፈች።

ከዚያ የትውልድ ቀን። ፓስፖርቱ ጃንዋሪ 1 ይላል። የተወለዱበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት ያልነበራቸው ብዙ ስደተኞች የተወለዱት በፈረንጆች አዲስ ዓመት ነው፤ የተወለዱበትን ቀን የሰጣቸው መዝጋቢው ነውና። አክስቴ «ኧረ እሱ በሰኔ ሚካኤል ማግስት ነው የተወለደ» ይላሉ። ቀበሌው የአክስቴን ቃል ይዞ ሰኔ ብሎ ጻፈ፤ ባንኩ ደግሞ «ሁለቱ ሰነዶች አይጣጣሙም» አለ። የማይጣጣሙት ስደቱና ቀን መቁጠሪያው ናቸው እንጂ ሰውየውማ አንድ ነው።

«የሥራ ዓይነት» ይላል ሁለተኛው ገጽ። የመንግሥት ሠራተኛ፣ የግል ድርጅት ሠራተኛ፣ ነጋዴ፣ ገበሬ፣ ተማሪ፣ የቤት እመቤት፣ ሌላ። ጡረተኛ የለም። 31 ዓመት አንሶላ ያጠበ ሰው «ሌላ» ነው።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ዋናው መጣ፤ «የመኖሪያ ሁኔታ፦ ነዋሪ / ነዋሪ ያልሆነ»። ልጅቱ እንዳስረዳችኝ ይህን ሳጥን የሚሞላው ደንበኛው አይደለም። መጀመሪያ ገጽ ላይ «የውጭ ዜጋ» ከተባለ እዚህ ጋ ማሽኑ ራሱ «ነዋሪ ያልሆነ» ይላል። ቤት የሠሩበት፣ ዕድር የገቡበት፣ ለቀብር ቦታ እንኳ በዓይናቸው የመረጡበት ከተማ ውስጥ ነዋሪ አይደሉም።

ቅጹ ማንን እያሰበ እንደተጻፈ ያኔ ገባኝ። ሁለት ሰዎችን ነው የሚያውቀው። አንደኛው አገሩን ለቆ የማያውቅ ዜጋ ነው። ሁለተኛው ውጭ አገር ሆኖ ዶላር የሚልክ ሰው ነው። ዶላሩን ተከትሎ ራሱ የመጣው ሰው በደራሲው ሐሳብ አልነበረም።

ይህ የአንድ ቅጽ አዘጋጅ ጥፋት ብቻ አይመስለኝም፤ ሥሩ ራቅ ይላል። የዜግነት አዋጁ፣ የ1996ቱ ቁጥር 378፣ የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጥራል። ያንን ቁስል ለማሻር ከዚያ ቀደም ብሎ አዋጅ ቁጥር 270/1994 ወጥቶ ነበር። ትውልደ ኢትዮጵያውያን ያለ ቪዛ ይግቡ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ይኑሩ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሥሩ፣ ቤት ይኑራቸው አለ። ደግ አዋጅ ነው። መኖርን መብት አድርጓል። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን የብሔራዊ ባንክ የዲያስፖራ ሒሳብ መመሪያ መጣ። መመሪያው ትውልደ ኢትዮጵያዊውንም ጨምሮ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲከፈት ፈቀደ፤ ሲያስብ የነበረው ግን ውጭ አገር ከዓመት በላይ እየኖረና እየሠራ ያለን ሰው ነው። ዓላማው ምንዛሪ መሳብ ነበርና አያስገርምም። አዋጁ ሰውየውን «ና፣ ኑር» አለው፤ መመሪያው «እዚያው ሆነህ ላክ» አለው። አጎቴ በሁለቱ መካከል ወደቁ።

ባንክና ባዕድ በአገራችን ታሪክ እንዲህ አልተጀመሩም። የመጀመሪያው ባንካችን፣ በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ፣ በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር የቆመ ነበር። ባንከኛው ባዕድ ነው። የአገሬው ሰው ደግሞ የማርያ ቴሬዛ ብሩን መሬት ቀብሮ ባንኩን በሩቁ ያይ ነበር። ያን ጊዜ ባንኩ ሰውን «እመነኝ» ብሎ ይለምናል፤ ዛሬ ሰው ባንኩን «እመነኝ» ብሎ ይለምናል። ምነው ቢሉ፣ በመካከሉ ዓለም ተለዋውጧል።

ለባንኮቹ መፍረድ ይገባኛል። ሕገ ወጥ ገንዘብን የሚመለከተው አዋጅ ደንበኛህን እወቅ ይላቸዋል። አገራችን እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2019 በዓለም አቀፉ የክትትል ዝርዝር ውስጥ ገብታ ወጥታለች። የቀበሌ መታወቂያ በየጥጉ ሲፈበረክ የነበረበትን ዘመንም ሁላችን እናውቃለን። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ብትሳሳት የምትጠየቀው እሷ ናት። ችግሩም የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 የዜጎቿን የውጭ ሒሳብ የሚያሳውቅ ሕግ ካወጣች ወዲህ፣ አውሮፓ ውስጥ የሚኖሩ አሜሪካውያን «አንፈልጋችሁም፣ ጣጣችሁ ብዙ ነው» ያሏቸው ባንኮች ገጥመዋቸዋል። ጡረታውን በልቶ ሊሞት ሰው አገር የሄደ ሽማግሌ በብዙ አገር ይንከራተታል።

አጎቴ ግን ሰው አገር አልሄዱም። ጉዳዩን የሚያከብደው ይኸው ነው። ያንን ሁሉ ጣጣ የሚያዩት በተወለዱበት ቀዬ ነው።

እኛ ደግሞ ስንጠራቸው እንዲህ አልነበረም። በ2003 ዓ.ም. የህዳሴው ግድብ ቦንድ ሲሸጥ «ወገኔ» ተባሉ፤ ገዙ። በ2010 ዓ.ም. ክረምት «በቀን አንድ ዶላር» ተባሉ፤ ሰጡ። በ2014 ዓ.ም. ለገና «አንድ ሚሊዮን ሆናችሁ ወደ አገር ቤት» ተባሉ፤ አጎቴ ከመጡት አንዱ ነበሩ። ያን ጊዜ ያዩት ደስታ ነው ጠቅልዬ ልምጣ ያሰኛቸው። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ሳንጃ ቤታቸው ውስጥ በሬዲዮ ሰምተው አለቀሱ። ገንዘባቸው አገር ውስጥ ነዋሪ ከሆነ ቆይቷል። ነዋሪ መሆን ያቃታቸው እሳቸው ናቸው።

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ። ጉዳዩ ሲጓተት «ለምን በአክስቴ ልጅ ስም አንከፍትም?» ያልኩት እኔ ነኝ። በአገራችን የተለመደ መፍትሔ ነው፤ ቤቱም መኪናውም በዘመድ ስም ነው። ልጅቱ የታመነች ናት። ሒሳቡ በግማሽ ሰዓት ተከፈተ። ዘመድ በሚልክበት መንገድ ጡረታው በእሷ ስም ይገባ ጀመር።

በሦስተኛው ወር የልጅቱ ሕፃን በጠና ታመመ። ጎንደር ይዛው ወጣች፤ ከገንዘቡ አንስታ አሳከመችው። አጎቴ ቢጠየቁ ሁሉንም ይሰጡ ነበር፤ ስልክ ግን አልሠራም፣ ጊዜም አልነበረም። ሕፃኑ ተረፈ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው ያልጠበቅኩት። ልጅቱ ደረሰኝ መሰብሰብ ጀመረች። የመድኃኒቱን፣ የመኪናውን፣ የምርመራውን፣ ሁሉንም በፌስታል አድርጋ አምጥታ አጎቴ ፊት አስቀመጠች። «ምን ልሁን ብለሽ ነው?» ብለው ሳያዩት መለሱላት። በማግስቱም ሌላ ደረሰኝ አመጣች። አጎቴ ደግሞ ለትንባሆና ለስኳር ብር መጠየቅ አሳፈራቸው። «የራሴን ገንዘብ ለምኜ?» አሉኝ። የምትለመነውም ተሳቀቀች። ባሏ በበኩሉ በስሟ ያለው ገንዘብ ስንት እንደሆነ መጠየቅ ጀመረ፤ የባልና የሚስት ነው ብሎ ቢከራከር ሕጉ ሊሰማው ይችላል። አብረው ቡና ይጠጡ የነበሩ ሰዎች ደረሰኝ የሚለዋወጡ ሆኑ። እኔ ሳንጃ የወረድኩት ይህንን ለማስታረቅ ነበር።

ስለዚህ የባንክ ሒሳብ ጉዳይ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰው በራሱ ስም ገንዘብ ከሌለው በዘመዱ ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ ዘመድ ደግሞ ባንክ እንዲሆን አልተፈጠረም። ፈረንሳይ ይህንን ገና እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣችው የባንክ ሕጓ አስባበታለች፤ ባንክ ፊቱን ያዞረበት ሰው ሒሳብ የማግኘት መብት አለው አለች። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ፣ በኅብረቱ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ሰው ሁሉ መሠረታዊ የክፍያ ሒሳብ የመክፈት መብት እንዲኖረው አደረገ። መለኪያው ዜግነት አይደለም፤ በሕግ መኖር ነው።

ይህ ቃል ለእኛም እንግዳ አይደለም። የዲጂታል መታወቂያ አዋጃችን፣ የ2015ቱ ቁጥር 1284፣ የቆመው «ነዋሪ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ፋይዳ የዜግነት ማረጋገጫ አይደለም፤ «ይህ ሰው ይህ ሰው ነው፣ እዚህ ይኖራል» የሚል ማረጋገጫ ነው። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ ሒሳብ የሚከፍት ሰው ፋይዳ ሲጠየቅ፣ ለአጎቴ ዓይነቱ ሰው መንገድ መጠረግ ነበረበት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ሲሻሻልም፣ እዚሁ የሚኖር ሰው ከውጭ በሚላክለት ገንዘብ የምንዛሪ ሒሳብ እንዲከፍት ተፈቅዷል። ሕጉ እንግዲህ ሄዷል። ቅጹ ነው ቆሞ የቀረው። የሳንጃዋ ልጅ ደግሞ የምታውቀው ቅጹን እንጂ ሕጉን አይደለም፤ ያስተማራት የለማ።

የተቺ ሥራ ማፍረስ ብቻ እንዳይሆን ማረሚያዬን ልስጥ። «ትውልደ ኢትዮጵያዊ» የሚል አንድ ሳጥን ይጨመር። «ጡረተኛ» የሚል አንድ ሳጥን ይጨመር። የመኖሪያውን ሳጥን ከዜግነቱ ሳጥን ፍቱት፤ ሰው የሚኖርበትን ራሱ ይናገር፣ ቀበሌውና ዕድሩ ይመስክሩ። የጃንዋሪ 1 ልጆችን ብዛት የሚያውቅ አንድ አንቀጽ ይጻፍ። ቢጫ ካርድና ፋይዳ የያዘ ሰው ጉዳይ አዲስ አበባ ሳይደርስ እዚያው ቅርንጫፉ ላይ ይለቅ። ይህ ሁሉ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። ግድብ የሠራ አገር ሁለት ሳጥን መጨመር አያቅተውም።

አጎቴ በሰባተኛው ወር ሒሳባቸው ተከፍቶላቸዋል። ፋይዳ ወጥተው፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ጽፎ፣ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ቆሞ ነው የተከፈተው፤ እግዜር ይስጠው። የአክስቴን ልጅ በዚያው ዕለት ቡና ጠርተዋት መጣች፤ ፌስታሉን ሳትይዝ። ደስታችን ሙሉ ነበር ማለት ይቻላል። አጎቴ የቁጠባ ደብተሩን መነጽራቸውን አድርገው ሲያነቡት ግን አንድ ቦታ ላይ ቆም አሉ።

«አንተ ልጅ፣ እስቲ ይኼን አንብብልኝ።»

አነበብኩት። «ነዋሪ ያልሆነ» ይላል። አድራሻ በሚለው ቦታ ሳንጃ አልተጻፈም፤ ሆስፒታሉ ያለበት የአሜሪካ ከተማ ነው የተጻፈው። ማሽኑ ሌላ አልቀበል ብሏል አሉ።

«እንግዲህ ስሞት ዕድሩ እዚያ ድረስ መሄዱ ነው» አሉና ሳቁ። ከጎናቸው የተቀመጡት የዕድሩ ሽማግሌ ግን አልሳቁም። ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ምን በወጣን! ቤትህን እናውቀው የለ?» አሏቸው።